ቀለም ቀያያሪ መብራት ሰርቼ ነጭ ሳረገው ጫፉ ይቀላል፣ ነጥብ ነጥቡም ይታያል፣ ምን ላርግ?

የማታሰው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው ታገሱኝ። ለሳሎን ጥግ የሚሆን ቀለም የሚቀያይር መብራት በእጄ ልስራ ብዬ ከጀመርኩ ሶስት ሳምንት ሆነኝ፣ ሊያልቅ ነው ሊያልቅ ነው እያልኩ እዚችው ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ 30 ሴንቲ ቁመት ላይ ቆረጥኩ፣ ዙሪያውን ደብልዩኤስ2812ቢ የሚባለውን ስትሪፕ (እያንዳንዷ ኤልኢዲ ለብቻዋ ቀለም የምትቀይርበትን፣ በሜትር 60 ያለውን) 1 ሜትር ተኩል ጠመጠምኩበት፣ 90 ኤልኢዲ መጣ ማለት ነው። ከላዩ ደግሞ 7 ሴንቲ ስፋት ያለው ሲሊንደር ከወረቀት ሰርቼ አለበስኩት። ወረቀቱ ያ የድሮ የሚመስለው ቡናማ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነገር ነው፣ ቀን ቀን ሲያዩት በጣም ያምራል። መቆጣጠሪያው አርዱይኖ ናኖ (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ ሰሌዳ) ነው፣ ናኖው ላፕቶፑ ላይ በዩኤስቢ እንደተሰካ ነው የሚሰራው፣ ስትሪፑን ግን በድሮ የስልክ ቻርጀር ነው የምመግበው፣ 5 ቮልት 2 አምፒር ይላል ጀርባው ላይ።

እና ችግሩ፣ ሁሉንም ነጭ ሳረገው ከታች ቆንጆ ነጭ ሆኖ ይጀምርና ወደ ላይ ሲሄድ ይቢጣል፣ ጫፉ ላይማ ልትጠልቅ ያለች ፀሀይ ነው የሚመስለው። ደግሞ ወረቀት ለብሶም ኤልኢዲዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ እኔ የፈለኩት ወጥ የሆነ ብርሃን ነበር። ሰማያዊ ላይ ሳረገውም ይሞታል፣ ደብዛዛ የሆነ አመድ መሳይ ነገር። በዛ ላይ በራሱ ጊዜ ያብዳል፣ አረንጓዴ ላይ አቁሜው ቁጭ ብዬ እያየሁት ሶስት አራቷ ብልጭ ብለው ሀምራዊ ምናምን ይሆናሉ፣ የሚገርመው እጄን ወደ ሽቦው ሳስጠጋ ይብስበታል። ስትሪፑ ተበላሽቶ ነው ሌላ ልግዛ? ኮዱ እንዳልል ከላይብረሪው (ስትሪፑን ከሚያዘው የተዘጋጀ ኮድ) ጋር የመጣው ምሳሌ ነው ምንም አልነካካሁትም።

ሽቦቆራጭ፦
ስትሪፑን አትወንጅለው ጤነኛ ነው። ከመጨረሻው ልጀምር፣ እጄን ሳስጠጋ ይብስበታል ያልካት ነገር ሁሉን ነገረችኝ። የቻርጀሩ ኔጌቲቭ ከናኖው ግራውንድ (ከራሱ ኔጌቲቭ) ጋር ተገናኝቷል? መቶ በመቶ አልተገናኘም ብዬ እወራረዳለሁ። አንተ ከናኖ ወደ ስትሪፕ የወሰድከው የዳታ ሽቦዋን (የቀለሙን ትእዛዝ የምታደርሰዋን) ብቻ ነው አይደል?

ቮልት ማለት እኮ ከሆነ ነገር አንፃር ነው የሚለካው። ናኖው 5 ቮልት ላክሁ ሲል ከራሱ ግራውንድ አንፃር ነው፣ ስትሪፑ ደግሞ የሚያነበው ከቻርጀሩ ኔጌቲቭ አንፃር ነው፣ ሁለቱ ካልተያያዙ አንዱ ፎቅ ላይ ሆኖ አንዱ ምድር ቤት ሆኖ ቁመት እንደመለካካት ነው። እጅህ ሲጠጋ ያችን ተንሳፋፊ ሽቦ ታውካታለህ። ዳታው ደግሞ በሰከንድ 800 ሺ ቢት (0 ወይ 1) ነው የሚፈሰው፣ ለአንዷ ኤልኢዲ 24 ቢት፣ ለአረንጓዴ 8 ለቀይ 8 ለሰማያዊ 8፣ ከመሀል አንዲት ቢት ከተሳሳተች ቀለሟ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቁራጭ ሽቦ ከናኖው ግራውንድ ወደ ስትሪፑ ኔጌቲቭ። ፖዘቲቮቹን ግን ዩኤስቢው እንደተሰካ እንዳታገናኛቸው፣ ሁለት ምንጭ እርስ በርስ ይገፋፋብሃል። ስራው ሲያልቅ ላፕቶፑን ነቅለህ ናኖውንም በ5 ቮልት እግሩ በኩል ከዚያው አዳፕተር ትመግበዋለህ። እግረ መንገድህን ዳታ ሽቦዋ ላይ ወደ 330 ኦም ሪዚስተር ጨምር፣ ስትሪፑ መግቢያ አጠገብ ነው የሚሆነው፣ እና ስትሪፑ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ካፓሲተሩ አቅጣጫ አለው፣ ነጭ መስመር ያለበት እግር ወደ ኔጌቲቭ፣ ገልብጠህ እንዳትሰካው እኔ አንዴ ፊቴ ላይ ጧ ብሎብኛል።

ቀላልነው፦
ወንድሜ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? 12 ቮልቱን ባለ አራት ሽቦ ስትሪፕ ከነሪሞቱ ግዛ፣ ጠምጥመው፣ ሰካው፣ አለቀ። ኮድ የለ ምን የለ። እኔ አልጋዬ ጀርባ ሶስት አመት አገልግሎኛል።

የማታሰው፦
@ቀላልነው አመሰግናለሁ ግን እሱ እኮ ሁሉም በአንዴ ነው የሚቀየረው፣ ቀይ ከሆነ ሁሉም ቀይ። እኔ ቀለሙ ከስር ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ እንዲወጣ ነው የፈለኩት፣ እንደ ጭስ።
@ሽቦቆራጭ እውነትም አልተገናኘም 😅 ኔጌቲቭ ያው ኔጌቲቭ ነው ብዬ ነው የተውኩት። ማታ እሞክረዋለሁ።

አሮጌቴስተር፦
ልጄ የመቅላቱን ነገር እኔ ልንገርህ። ሂሳቡን አብረን እንስራ። አንዷ ኤልኢዲ ውስጥ ሶስት ቀለም አለ፣ እያንዳንዱ ሙሉ ሲበራ 20 ሚሊአምፒር ገደማ ይወስዳል፣ ነጭ ማለት ሶስቱም በርተዋል ስለዚህ 60። 60 በ90 ስታባዛው 5400 ሚሊአምፒር፣ አምስት አምፒር ተኩል ልትጠጋ ነው። አንተ የሰጠኸው ሁለት አምፒር። በባልዲ ውሃ ሰፈር ማጠጣት ነው። ቀስተ ደመና ቀለም ሲዞር ችግሩ ብዙ ያልታየህ ለዚህ ነው፣ በደማቅ ቀለም ጊዜ ሶስቱ አንድ ላይ አይበሩም፣ በላተኛው ነጭ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ስትሪፑ ራሱ ነው። ያቺ ቀጭን የመዳብ መስመር 1 ሜትር ተኩል ሙሉ አምፒር ስትሸከም መንገድ ላይ ቮልት ትበላለች፣ መግቢያው ላይ ያለው ጫፍ አይደርስም። ቀይ ኤልኢዲ ሁለት ቮልት አካባቢ ካገኘ ይበቃዋል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ግን ሶስት ገደማ ይፈልጋሉ። ቮልቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚደክመው ሰማያዊው ነው፣ ከነጭ ላይ ሰማያዊ ሲቀነስ ቢጫ ይቀራል፣ አረንጓዴው ሲከተለው ቀይ ብቻ ይቀራል። ያየሃት ፀሀይ እሷ ናት።

አታምነኝ፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ነጭ አርገህ አብራና መጀመሪያው ላይ እና መጨረሻው ላይ ለካ። መፍትሄውም ከባድ አይደለም፣ ወፈር ያለ ጥንድ ሽቦ በቱቦው ውስጥ አሳልፈህ የስትሪፑን ጫፍ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከላይም መግበው፣ ዳታውን ሳትነካ። ከዚያ አዳፕተሩን 5 ቮልት 4 አምፒር አርገው። ኮዱ ውስጥ ደግሞ ፋስትኤልኢዲ የሚባለውን ላይብረሪ የምትጠቀም ከሆነ ከዚህ ሚሊአምፒር እንዳያልፍ ብለህ የምትገድብበት መስመር አለ፣ 3000 ላይ ገድበው፣ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ በራሱ ብርሃኑን ይቀንሳል። እመነኝ አይንህ ልዩነቱን አያውቀውም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ የግድግዳ ኤሌክትሪክ መብራቱ ውስጥ እንዳይገባ። አዳፕተሩ ሶኬቱ ጋ ይቅር፣ ወደ ወረቀቱ የሚመጣው 5 ቮልት ብቻ ይሁን። 5 ቮልት አይነዝርም ግን 4 አምፒር ሾርት ካረገ ሽቦ ያግላል፣ ሽቦ ከጋለ ደግሞ ጎኑ ያለው ወረቀት ነው። ፖዘቲቩ መግቢያ ላይ ፊውዝ አድርግበት። ሰነፍ ነው የማያደርገው።

ቀስተደመና፦
ሁሉም ስለ ሽቦ አወሩ፣ እኔ ስለ ወረቀቱ ላውራ 😄

ወንድሜ ያለህን ቁጥር ተመልከተው፣ ቱቦው 5 ሽፋኑ 7፣ ስለዚህ ከኤልኢዲው እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት 1 ሴንቲ ነው፣ እንደውም የስትሪፑን ውፍረት ስትቀንስ ከዛም ያንሳል። በሜትር 60 ሲሆን በአንዷና በሌላዋ ኤልኢዲ መሀል 1.7 ሴንቲ ገደማ ነው። እኔ የምሄድበት ደንብ ወረቀቱ ከኤልኢዲው መራቅ ያለበት ቢያንስ ኤልኢዲዎቹ እርስ በርስ የተራራቁትን ያህል ነው፣ ከዛ ካነሰ ብርሃኑ ሳይደባለቅ ወረቀቱ ላይ ይደርሳል። ያንተ ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት፣ የ5 ሴንቲ ቱቦ ዙሪያው 15.7 ሴንቲ ነው፣ 150 ሴንቲ ስትሪፕ ዘጠኝ ተኩል ዙር ይሄዳል፣ 30 ሴንቲ ቁመት ላይ ሲካፈል በዙርና በዙር መሀል 3 ሴንቲ ከምናምን ክፍተት አለ። ስለዚህ ከነጥቡ ሌላ ዘወር ዘወር ያለ ጥብጣብም ይታይሃል፣ አይደል? ሽፋኑን 12 ሴንቲ ስፋት አርገው፣ ያኔ ርቀቱ 3.5 ይሆናል ሁለቱም ይጠፋሉ።

የሰማያዊው መሞት ደግሞ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም አያገናኘውም (ጫፉ ላይ ካለው ውጪ)። ቡናማ ወረቀት ቡናማ የሆነው ሰማያዊን ስለሚበላ ነው! ቀይና ቢጫውን ያሳልፋል ሰማያዊውን ውጦ ያስቀራል። ለማየት ከፈለክ ስልክህ ላይ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ የሆነ ምስል ክፈትና ከወረቀቱ ቁራጭ ስክሪኑ ላይ አስተኛበት፣ አጠገቡ ደግሞ ነጭ ወረቀት አስተኛ፣ ልዩነቱ ያስደነግጥሃል። ለአንድ ቀለም ሞቅ ላለ መብራት ቡናማው ንጉስ ነው፣ ቀለም ለሚቀያይር ግን ነጭ ብቻ። ትሬሲንግ ፔፐር (ስዕል የሚገለበጥበት ብርሃን አሳላፊ ወረቀት) ሁለት ድርብ እኔ ከሞከርኩት ሁሉ የተሻለ ነው፣ የወተት ቀለም ያለው አክሪሊክም ጥሩ ነው ግን ማጠፉ ያስቸግራል። ግልፅ ብርጭቆ ወይ ጠርሙስ ያለው ሰው ደግሞ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ማሸት ይችላል፣ ሲታሸው ጥርስ ያፏጫል እንጂ ውጤቱ ቆንጆ ነው።

እኔ መጀመሪያ ስጀምር እኮ ኮድም ምንም አላውቅም ነበር፣ ባለ ሁለት እግር በራሷ ቀለም የምትቀይር ኤልኢዲ አለች፣ ቺፑ ሆዷ ውስጥ ነው፣ አምስቷን ለየራሳቸው ሪዚስተር ሰጥቼ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኳቸው። ስትሰኳቸው ሁሉም እኩል ቀይ ብለው ይጀምራሉ፣ ከዛ የየራሳቸው ሰአት ስላላቸው ትንሽ ትንሽ እየተለያዩ ይሄዳሉ፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ ሁሉም በየፊናው ነው። ያላሰብኩት ነበር ግን እስካሁን ከሰራሁት ሁሉ እሷን ነው የምወደው።

ዘሩ_32፦
ጥያቄ ልደርብ ይቅርታ። የኔ ተመሳሳይ ስትሪፕ ነው ግን በናኖ ፈንታ ኢኤስፒ32 በሚባል ሌላ ሰሌዳ ነው የማሰራው። ግራውንድ ተገናኝቷል፣ አዳፕተሩም ትልቅ ነው፣ ግን አንዳንዴ የመጀመሪያዋ ኤልኢዲ ትንቀጠቀጣለች አንዳንዴ ጭራሽ አልበራም ይላል። ለምን?

ሽቦቆራጭ፦
@ዘሩ_32 ያንተ ሌላ ነው። ኢኤስፒ32 የሚናገረው በ3.3 ቮልት ነው። ስትሪፑ በ5 ቮልት ሲመገብ ይሄ ቢት 1 ነው እንጂ 0 አይደለም ብሎ ለመቀበል የምግቡን 70 በመቶ ይፈልጋል፣ 3.5 ቮልት ማለት ነው። አንተ 3.3 ይዘህ በሩ ላይ ቆመሃል፣ አንዳንዴ ያስገቡሃል አንዳንዴ አያስገቡህም። ትክክለኛው መንገድ 74ኤኤችሲቲ125 የምትባል ቺፕ መሀል ላይ ማስገባት ነው፣ 3.3 ተቀብላ 5 አርጋ ታወጣለች። ቺፑ ከሌለህ አንዲት ኤልኢዲ ከስትሪፑ ቆርጠህ መጀመሪያ ላይ ታስቀምጥና የሷን ፖዘቲቭ ብቻ በተራ ዳዮድ (1ኤን4001 ይሆናል) ታሳልፈዋለህ፣ ዳዮዱ 0.7 ገደማ ይቀንስና 4.3 ቮልት ይደርሳታል፣ የ4.3 ሰባ በመቶ 3 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ያንተን 3.3 ትሰማለች፣ ለቀጣይዋ ደግሞ በ4.3 ትነግራታለች። አስተርጓሚ ቀጠርክ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዳታ ሽቦህን አሳጥረው፣ እና ፍላፃውን እይ፣ ስትሪፑ ላይ የተሳለችው ፍላፃ ከመቆጣጠሪያው ወደ ውጪ ነው ማመልከት ያለባት። እዚህ ስንቱ ነው ጭራሽ አልበራም ብሎ መጥቶ ከኋላ በኩል ሰክቶት የተገኘው።

ዘሩ_32፦
ሽቦዬ ከግማሽ ሜትር በላይ ነበር፣ 10 ሴንቲ አረኩት ቆመ። ቺፑን ግን አዝዣለሁ አላምነውም። እናመሰግናለን!

የማታሰው፦
ተመለስኩ። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ግራውንዷን ያገናኘሁ ቀን እብደቱ በአንዴ ቆመ፣ እጄን ሙሉ ለሙሉ ብጠቀልልበት ምንም አይል። ሶስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቁራጭ ሽቦ።

@አሮጌቴስተር ጋሼ እንዳሉኝ በቴስተር ለካሁ፣ ሁሉም ነጭ ሆኖ መግቢያው ላይ 4.7 ጫፉ ላይ 3.6። ሳየው ራሱ አፈርኩ። አዲስ 4 አምፒር አዳፕተር ገዛሁ፣ በቱቦው ሆድ ወፍራም ሽቦ አሳልፌ ጫፉንም መገብኩት፣ 3000 ላይ ገደብኩት፣ አሁን 4.8 እና 4.6 ነው የሚለው፣ ነጩ ከታች እስከ ላይ አንድ አይነት ነው። ሶልደር ሳረግ ግን አበሳዬን አየሁ፣ ስትሪፑ ላይ ያለውን ያን ለስላሳ ፕላስቲክ መሳይ ሽፋን መላጥ እንዳለብኝ አላወኩም፣ ስታኞው እንደ ውሃ ጠብታ እየተንከባለለ እምቢ ይለኛል እኔ ሙቀት እጨምራለሁ፣ በመጨረሻ አንዷን የመዳብ ነጥብ ነቅዬ አነሳኋት። አንድ ኤልኢዲ ቆርጬ ጣልኩ አሁን 89 ነን። ፊውዝም አርጌያለሁ ጋሼ ሰነፍ እንዳይሉኝ።

@ቀስተደመና እህቴ የስልኩን ሙከራ አደረኩት፣ አላመንኩም ነበር። በቡናማው ስር ሰማያዊው ጭቃ ነው የሚመስለው። 12 ሴንቲ ሽፋን በትሬሲንግ ፔፐር ሁለት ድርብ ሰራሁ፣ ቡናማዋን ደግሞ ስላላስቻለኝ ለእግሩ ዙሪያ አዋልኳት። ነጥቡም ጥብጣቡም ጠፋ።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ማታ ልተኛ ስል ብርሃኑን በጣም ዝቅ አረገዋለሁ፣ ኮዱ ላይ ከ255 (ሙሉው ብርሃን ነው) ወደ 8 ገደማ፣ ያኔ ቀለሙ ቀስ ብሎ መቀየሩን ይተውና ይዘላል። ብርቱካን ነበር፣ ጠቅ፣ ቢጫ። ኮዱ ነው?

ሽቦቆራጭ፦
እሱ የቁጥር ድህነት ነው። 255 ላይ ስትሆን ከጨለማ እስከ ሙሉ ቀይ 255 ደረጃ አለህ፣ 8 ላይ ስትሆን 8 ደረጃ ብቻ ነው ያለህ፣ በ8 ደረጃ ቀስ ብሎ መቀየር የለም። አይን ደግሞ ጨለማ ላይ ነው ልዩነት የሚያውቀው፣ ከ1 ወደ 2 እጥፍ ነው፣ ከ200 ወደ 201 ማንም አያየውም። ሁሉንም ከማደብዘዝ ከየሶስቱ አንዷን ብቻ አብርተህ እሷን ወደ 25 ከፍ አርጋት፣ አጠቃላይ ብርሃኑ ያው ነው ደረጃው ግን ሶስት እጥፍ ይሆናል።

ቀስተደመና፦
ኧረ ቆይ ቆይ፣ ከሶስት አንዷ ካበራ እኮ በኤልኢዲና በኤልኢዲ መሀል ያለው ርቀት 5 ሴንቲ ሆነ፣ ሽፋኑ ያለው 3.5 ላይ ነው፣ ነጥቡ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ብርሃኑን በኮድ ከመቀነስ በወረቀት ቀንሰው፣ ከውስጥ ሌላ ሽፋን ጨምርበትና ቁጥሩን ከፍ አርገው።

ሽቦቆራጭ፦
እሱስ ልክ ነሽ። ወረቀቱን ረስቼው ነው።

አሮጌቴስተር፦
ስትተኛ ጥቁር አርገህ ብቻ አትተወው፣ ኤልኢዲው ጠፍቶም ሆዱ ውስጥ ያለው ቺፕ እያንዳንዱ አንድ ሚሊአምፒር ያህል ይጠጣል፣ 89 ሲሆኑ ቀላል አይደለም። ማጥፊያ ሽቦው ላይ አድርግ።

የማታሰው፦
ሶስት ድርብ ወረቀት እንደ ካልሲ ከውስጥ አለበስኩት፣ አሁን ማታ የምጠቀምበት ቁጥር 30 ነው፣ መዝለሏ ሙሉ በሙሉ ባይባልም አጠገቡ ተቀምጠህ አፍጥጠህ ካላየህ አትታይም። ዙሩንም አዘገየሁት፣ ከቀይ ተነስቶ ቀይ እስኪመለስ ሶስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ማጥፊያውም ገብቷል ጋሼ። ፎቶ ለምትጠብቁ፣ አስር ጊዜ አነሳሁት፣ ስልኬ ቀዩን ብርቱካን አርጎ ሰማያዊውን ነጭ አርጎ ነው የሚያወጣው፣ ነገ ጓደኛዬ ካሜራ ይዞ ሲመጣ እልካለሁ።